እጥበት የሌለበት ቀን

የኩላሊት ሕመምተኛ ባለበት ቤት የትኛው ቀን እንደሚከብድ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሕመምተኛው ከማሽን ጋር ተያይዞ ለሰዓታት የሚቆይበትን የእጥበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ግን ኃላፊነቱን ሐኪሙም ነርሷም ይጋሩታል፤ የደም ግፊቱን የሚለካ፣ ክብደቱን የሚመዘግብ፣ ሲያዞረው የሚደርስለት ባለሙያ አጠገቡ አለ። በሁለት እጥበቶች መካከል ባሉት ቀናት ይኸው ሥራ ሁሉ ሳይቀነስ በትዳር ጓደኛ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ የጤና ሥርዓቱም ሆነ የሥራ ሕጉ ይህን ሥራ እንደ ሥራ አይቆጥሩትም።

ጤናማ ኩላሊት ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ደምን ያጣራል፣ ትርፍ ውኃን በሽንት ያስወጣል፣ የጨውና የፖታሲየምን ሚዛን ይጠብቃል። በሕክምና ስሙ ሄሞዲያሊሲስ የሚባለው የኩላሊት እጥበት ደምን በቱቦ ከሰውነት አውጥቶ፣ በማጣሪያ አሳልፎና ትርፉን ውኃ ቀንሶ ወደ ሰውነት የሚመልስ ሕክምና ሲሆን፣ በተለመደው መርሐ ግብር በሳምንት 3 ጊዜ ለ4 ሰዓት ያህል ቢሰጥ እንኳ ከሳምንቱ 168 ሰዓታት የሚሸፍነው 12ቱን ብቻ ነው። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በ1943 እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሽ ኩላሊቱን ለሕክምና ሲያውል ዓላማው ድንገት የደከመ ኩላሊት እስኪያገግም ሕመምተኛውን ማሻገር ነበር፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ቤልዲንግ ስክሪብነር በሲያትል፣ በክንድ ላይ ተተክሎ የሚቆይና ደጋግሞ የሚያገለግል ቱቦ ካስተዋወቀ በኋላ ግን እጥበት ለዓመታት የሚዘልቅ ኑሮ ሆነ። ሕመሙ ኑሮ በሆነበት በዚያው ቅጽበት የሕመምተኛው ቤትም የሕክምናው አካል ሆነ።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለሚታጠብ ሰው ረጅሙ ክፍተት ቅዳሜና እሑድ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናትም ሞትና ወደ ሆስፒታል የሚያስገባ የልብ ችግር ከዚህ የሁለት ቀን ክፍተት ማግሥት እንደሚበዛ አሳይቷል። በኢትዮጵያ ወጪውን ከኪሳቸው የሚሸፍኑ ብዙ ሕመምተኞች አቅማቸው የሚፈቅድላቸው በሳምንት ሁለት እጥበት ብቻ በመሆኑ፣ ክፍተቱ ከዚህም ይረዝማል፤ ለአስታማሚዋም የጭንቀቱ ቀናት በዚያው ልክ ይበዛሉ።

እንዲህ ያለው እሑድ የሚጀምረው ሚስት ጣቶቿን በባሏ ክንድ ላይ አሳርፋ ፊስቱላው መንዘሩን በማረጋገጥ ነው። ፊስቱላ ማለት ለእጥበት የሚበቃ ደም እንዲገኝ ደም ቅዳና ደም መልስ ሥሮች በቀዶ ሕክምና የሚገናኙበት ቦታ ሲሆን፣ ንዝረቱ ከጠፋ ሥሩ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል። ቀጥሎ ሚዛን ይመጣል፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ ከእጥበት በኋላ 60 ኪሎ ሆኖ የወጣ ሰው እሑድ ማታ 63 ከሞላ፣ ሦስት ሊትር ያህል ውኃ በሰውነቱ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ሽንቱ የቆመ ሕመምተኛ በቀን የሚፈቀድለት ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሊትር ስለማይበልጥ፣ ጠዋት ሁለት ትንንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ይቀመጥና ሻዩም፣ ቡናውም፣ መረቁም፣ መድኃኒት መዋጫውም ከእርሱ ላይ ይታሰባል።

የወጥ ቤቱ ሥራ ደግሞ የራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። ድንችና ጎመን ተከትፈው በብዙ ውኃ ይቀቀላሉ፣ ውኃውም ይደፋል፤ ምክንያቱም የደከመ ኩላሊት ሊያስወጣው የማይችለው ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ ልብን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። በጾም ወራት የገበታው ዋና የሆኑት ሽሮና ምስርም ፖታሲየምና ፎስፈረስ ስላለባቸው በልክ ይቀርባሉ፤ ጨው የበዛበት ወጥም ጥማትን ስለሚያስከትል የቤተሰቡ ድስትና የሕመምተኛው ድስት ይለያያሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የእንግዳው ሰዓት ነው። ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ዘመድ በባህላችን ባዶ እጁን አይመጣም፤ በፌስታል የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ ሙዝና ብርቱካን፣ ማለትም በፖታሲየም የበለጸጉትን ፍራፍሬዎች ነው። ፍቅሩን በ«በሞቴ» እያጀበ ሲያጎርስና ሁለተኛ ስኒ ቡና ሲያስቀዳ፣ ሚስት «ይበቃዋል» ማለት ይኖርባታል፤ ይህን ባለችም ጊዜ በዘመድ ዓይን ለባሏ የምትሰስት ሴት ትመስላለች። እንግዳው ሲሄድ ነገሩ በሁለቱ መካከል ይቀራል። ለዓመታት እኩል የኖሩ ሰዎች አንዱ ውኃ ጠባቂ፣ ሌላው ተጠባቂ ሲሆኑ፣ ከቧንቧ ተደብቆ የተጠጣ አንድ ብርጭቆ ማታ በሚዛኑ ላይ ይገለጥና ጠብ ይሆናል፤ ባልም እንደ ልጅ መቆጠሩ ያመዋል፣ ሚስትም የተጠማ ሰው መከልከሏ ይቆጠቁጣታል። ሌሊት ላይ ባል ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ ውኃው ወደ ሳንባው እየገባ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንዳለበት የምትወስነው ያው ሰው ናት፤ ለዚህ ውሳኔ ብዙውን ጊዜ ምንም ሥልጠና አላገኘችም።

ሕጉ ለዚህች ሴት የሚሰጣት ጥቂት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ላጋጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ይህ በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ አያልፍም፤ በሌላ አነጋገር በዓመት 10 ቀን፣ ያውም ያለ ክፍያ፣ በሳምንት 3 ጊዜ የሚታጠብ ሰው ግን በዓመት 156 ቀን ሸኚ ያስፈልገዋል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብም ከአጣዳፊ የኩላሊት መድከም በስተቀር እጥበትን ከአገልግሎቱ ውጭ አድርጎት ነበር። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መሰጠት መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ ተስማሚ ለጋሽ ለሌለው ሰው ያለው መንገድ እጥበት ነው።

ማሽን ባልበቃበት አገር ስለ አስታማሚ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ ክርክሩም ከማሽንና ከማጣሪያ ዋጋ አንጻር ክብደት አለው። ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ የተበላሸ አንድ እሑድ ሰኞ የሚሰጠውን እጥበት አስቸጋሪና አደገኛ ስለሚያደርገው፣ አስታማሚን ችላ ማለት በማሽኑ ላይ የወጣውን ገንዘብ ራሱን ማባከን ነው። የእጥበት ማዕከላት ከመጀመሪያው ቀን የትዳር ጓደኛን አስቀምጠው ስለ ሚዛን፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ምግብና ስለ አደጋ ምልክቶች ቢያስተምሩ፣ በበዓልና በእሑድም የሚነሳ አንድ ስልክ ቢያዘጋጁ የሚጠይቃቸው ወጪ ከማሽን ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የሥራ ሕጉም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበትን የትዳር ጓደኛ ለሚያስታምም ሠራተኛ በሰዓት የሚከፋፈል ፈቃድ ሊፈቅድ ይገባል። ዘመድና ጎረቤት በበኩላቸው ፍራፍሬውን ትተው የእሑድን ከሰዓት በኋላ ከሕመምተኛው ጋር ቢቀመጡና አስታማሚዋ ጥቂት እንድትተኛ ቢያደርጉ፣ ጥየቃቸው ለሁለቱም ይሆናል።