«ዶክተር፣ ይልቀቁልኝ» ማለትን እንልመድ

ልቡ መምታት ያቆመን አዋቂ ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች መጫን ያሻል። የሚጫነው ሰው ክንድ ቶሎ ይዝላልና በየ2 ደቂቃው ሌላው ሊተካው ይገባል፤ መተካካቱም ከ10 ሴኮንድ ማለፍ የለበትም። ታዲያ ሐኪሙ ዝሎ ሳለ «ዶክተር፣ ደክመዋል፤ ይልቀቁልኝ» ለማለት የሚደፍር የነርሲንግ ተማሪ ማን ነው?

የጋሞ አባቶች በዱቡሻ ሲመክሩ ተራው የደረሰው ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የምንገኝ የሕክምና፣ የነርሲንግና የአዋላጅነት ተማሪዎችም ልምምዱን በአንድ ክፍል አብረን ብናደርገው፣ ከእኛ ታናሹ መናገርን፣ ታላቁም መስማትን ይለምዳል። መምህራኖቻችን ይህን እንዲያስቡበት እንለምናለን፤ ነፍስ በይሉኝታ አትተርፍምና።