የሐኪም ዝምታና የተጎጂ ዕዳ

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። በችሎት ደጃፍ ግን የዝምታውን ዋጋ የሚከፍለው ዝም ያለው ሳይሆን ዝም የተባለበት ሰው ነው። ያከመውን ሰው ጉዳት ፍርድ ቤት ቀርቦ ለማስረዳት የማይፈቅድ ሐኪም፣ እርሱንም በፖሊስ አስገድደን እናናግረዋለን የሚሉ የሕግ ሰዎች ብዕሬን አስነሥተውኛል።

ውድ አንባብያን፣ ኩልፎ በሚያልፍባት አርባ ምንጭ ሙዝ በመጫን የሚተዳደር አንድ ወጣት መኪና ገጭቶ ጭኑን ሰበረው እንበል። አጥንቱ ገጠመ፤ እግሩ ግን ሸክም አልችል አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪን ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ ዋናው ክርክር «ጉዳቱ ምን ያህል ነው?» የሚል ይሆናል። ይኸው ሕግ በቁጥር 2116 የሕሊና ጉዳት ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ አስሮታልና፣ ከሕክምና ወጪው ሌላ ለወጣቱ የሚቀርለት ተስፋ ወደፊት የሚያጣው ገቢ ነው። ይህን ከሐኪሙ የተሻለ ማን ያስረዳለታል?

«የሕክምና ማስረጃ ወረቀት አለ አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ነገር ግን ወረቀቱ የጉዳቱን መቶኛ ይጽፋል እንጂ፣ ያው መቶኛ ለጸሐፊና ለጫኝ እኩል እንዳልሆነ አይናገርም። መስቀለኛ ጥያቄም አይመልስም።

ታዲያ ሐኪሙ ለምን ይሸሻል? ጨካኝ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። መጥሪያው ተረኛ በሆነበት ቀን ይደርሰዋል፤ በሽተኞቹን ትቶ ሲሄድ ከችሎት ደጅ ውሎ «ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ይባላል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ እንደ ተከሳሽ ያፋጥጡታል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ብዙዎች መታሰራቸውንም አንዘንጋ። ስለ ራሱ ሲናገር «ዝም በል» የተባለን ሰው፣ ስለ ሌላው ሲሆን «ተናገር» ብሎ በፖሊስ ማምጣት ምን ዓይነት ምስክርነት ያስገኛል? የሚያስገኘው «አላስታውስም» የሚል ቃል ነው። ያ ቃል ደግሞ ተጎጂውን ዳግመኛ ይሰብረዋል።

ይህን ስል ሐኪሙን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። «የሙያ ምስጢር ነው» የሚለው ጋሻ እዚህ ላይ አይሠራም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 399 የሙያ ምስጢር ያወጣን ይቀጣል፤ በቁጥር 400 ግን ባለምስጢሩ ሲፈቅድ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ መናገር አያስቀጣም። ምስጢሩ የታካሚው ሀብት ነው፤ ባለቤቱ «ተናገርልኝ» እያለ ጠባቂው ቆልፎ ሊይዘው አይገባም።

እንግዲህ ጠበቆች ሆይ፣ ከመጥሪያው በፊት ሰውየውን አነጋግሩት፤ የምትሹት እውነቱን እንጂ የተቀመመ ቃል አለመሆኑንም አስረዱት። የታካሚውን የጽሑፍ ፈቃድና የሕክምና መዝገቡን ቅጂ አድርሱለት። ስላየው ጉዳት፣ ስለ ሰጠው ሕክምናና ስለ ቀረው ጉድለት ጠይቁት፤ ሾፌሩ ማጥፋት አለማጥፋቱን ግን አትጠይቁት፤ እርሱ የእርሱ ሥራ አይደለም። ገለልተኛ የባለሙያ አስተያየት ካስፈለገ ፍርድ ቤቱ ሌላ ባለሙያ እንዲመድብ አመልክቱ። የጉዞ ወጪውንና ያጠፋውን ጊዜ ካሣ ሳይጠይቃችሁ አስቡለት። ዳኞችም ሰዓት ቆርጠው በቅድሚያ ይስሙት፤ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ከሆነም በፕላዝማ ቢሰሙት ምን ይጎድልባቸዋል? አስገድዶ ማቅረብ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይሁን።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ ለበቀል የተነሣውን ወጣት አርባ ምንጭ ላይ አስቁመውታል። ዱላ ያልያዙ ሽማግሌዎች ይህን ያህል ከቻሉ፣ ማኅተም የያዘ ፍርድ ቤት አንድን ሐኪም በክብር ጠርቶ ማናገር እንዴት ያቅተዋል? ሐኪሙም በክብር ከተጠራ በኋላ የሚሸሽበት ምክንያት አይቀረውም። ያኔም ዝም ካለ፣ ያከመውን እግር ራሱ መልሶ እንደ ሰበረው ይቆጠር።

ቸር እንሰንብት።