ከቢሮ ወንበር ወደ ስፌት መኪና

«ይህን ያህል ዓመት ተምራ፣ አሁን ልብስ ሰፊ ልትሆን!» የሚል ቃል በብዙ ቤት ይሰማል። ልጇ ዋሽንግተን ወይም ለንደን በነርስነት ወይም በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጥራ ቤተሰብ የምትረዳላት እናት፣ ልጅቷ ሥራዋን ትታ ወደ ፋሽን ሙያ ልትገባ ማሰቧን በስልክ ስትሰማ ቢከፋት አይፈረድባትም። ሆኖም፣ ውድ እናቶች፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ነገሩን አብረን እንመርምረው።

የወይዘሮ አምሳለ አበራን ሕይወት እንመልከት። አዲስ አበባ የተወለዱት ወይዘሮ አምሳለ እ.ኤ.አ. በ1974 አብዮቱ ሲፈነዳ አሜሪካ ተማሪ ነበሩ። ልብስ መግዣ ስለ ቸገራቸው የራሳቸውን እየሰፉ ይለብሱ ነበር። በፖለቲካ ሳይንስ ከተመረቁ በኋላ እንደ ገና ተማሪ ሆነው ኒውዮርክ በሚገኘው ፋሽን ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ የልብስ ንድፍ ተማሩ። ከዚያም ሱቅ ለመክፈት አልቸኮሉም፤ በሌላ ድርጅት ረዳት ሆነው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሲያገቡ ጌጥ ያልበዛበት የሙሽራ ልብስ ፈልገው ስላጡ የራሳቸውን ነደፉ። ሌሎች ሙሽሮችም ይህንኑ እንደሚሹ ስለ ገባቸው በመጽሔት ማስታወቂያ አውጥተው ከመኖሪያ ቤታቸው ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪያርፉ ድረስ በአሜሪካ የሙሽራ ልብስ ሥራ ስመ ጥር ነበሩ።

ከጋና ከሄዱ ወላጆች አሜሪካ የተወለዱት ቨርጂል አብሎም የተመረቁት በሲቪል ምሕንድስና፣ ቀጥሎም በአርክቴክቸር ነበር። ስፌት ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በፓሪሱ ሉዊ ቪቶን የወንዶች ልብስ ንድፍ ኃላፊ ሆኑ፤ በ2021 አረፉ። (ወንድ ልጅ መርፌ አይያዝ የምትሉ እናቶች ይህን ልብ በሉ።)

በዚህ ሙያ ለጥቁሮችና ለስደተኞች ትልቁ ችግር የሚያስተዋውቅ ሰው ማጣት ነው። የመጀመሪያው ሥራ ብዙውን ጊዜ ያለ ደመወዝ ወይም በትንሽ አበል የሚሠራ በመሆኑ፣ አባቱ ሀብታም የሆነ ልጅ ይችለዋል፤ በየወሩ ለቤተሰብ ገንዘብ የምትልክ ግን አትችልም። አብሎ እ.ኤ.አ. በ2020 ለጥቁር ተማሪዎች የ1 ሚሊዮን ዶላር የትምህርት ድጋፍ አቋቁመው ነበር። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ለኮሌጅ ተማሪዎች የታሰበ ስለሆነ የ35 ዓመቷን፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነችውን ሂሳብ ሠራተኛ አይደርሳትም። ለእርሷ የሚደርስላት ቤተሰብ ነው።

እንግዲህ ልጃችሁን ሥራዋን ወዲያው እንዳትለቅ፣ በማታ ትምህርት እንድትጀምር ምከሯት። ልክ መውሰድና ቅድ በሚገባ ሳይጠና ውድ ጨርቅ አይቆረጥም፤ መጀመሪያ በአቡጀዲ ይሞከራል። ለወዳጅ የሚሰፉ ብዙዎች የጨርቁንና የክሩን ዋጋ ብቻ ቆጥረው የራሳቸውን የሥራ ሰዓት ይረሳሉ። ሂሳብ ሠራተኛዋ ይህን አትስትም፤ ነርሷም ክንዱ የታመመ ሰው ምን ዓይነት እጅጌ እንደሚቀለው ታውቃለች። የፊተኛው ትምህርት ባከነ የሚባለው ስለዚህ ትክክል አይመስለንም።

እናንተም አገር ቤት ሆናችሁ ልትረዱ ትችላላችሁ። ለአንድ ዓመት የሚላከው ገንዘብ ቢቀንስ አታኩርፉ። በአገር ልብስ የምትሠራ ከሆነም ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ ሸማኔ ምረጡላት፤ የጥለቱን ቀለም በቀን ብርሃን እዩ፤ የጨርቁን ወርድ በሜትር ለክታችሁ ጻፉላት፤ ከመላኩም በፊት ቁራጩን አጥባችሁ ቀለሙ አለመልቀቁን አረጋግጡ። የከፈላችሁበትንም ደረሰኝ አብራችሁ ላኩላት።