ሽልማት የሚገባው ለማን ነው?



መንግሥት ሽልማት የሚሰጠው ያለፈውን በጎ ሥራ ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ሌላውም አይቶ እንዲከተል መንገድ ለማሳየት ነው። ስለዚህ ሽልማቱ ለማን እንደ ተሰጠ የተመለከትን እንደ ሆነ፣ አገሩ ምን ዓይነቱን ሥራ እንደሚወድ እናውቃለን። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ፣ ቀድሞ አካለ ስንኩላን ይባሉ ስለ ነበሩት፣ አሁን ግን አካል ጉዳተኞች ስለምንላቸው ወገኖቻችንና ስለ እነርሱ መበርታት ስለሚሰጠው ሽልማት ጥቂት ቃል ልናቀርብ ወደድን።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት፣ በእኛ ኅዳር 24 ቀን የአካል ጉዳተኞች ቀን ሆኖ በዓለም ሁሉ ይታሰባል። የህንድ መንግሥት በዚህ ቀን ብሔራዊ ሽልማት ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜም የሚያድሉት ርእሰ ብሔሩ ናቸው። የሚያስደንቀው ግን ሽልማቱ ጉዳቱን ድል አድርጎ ለሠራው ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ጉዳተኞችን ለቀጠረ አሠሪና መሰናክል የሌለበትን ሥፍራ ላበጀ ሰውም ይሰጣል። ይህም በሩን ያንኳኳውንና በሩን የከፈተውን አብሮ ማክበር ነው።

ይህ ነገር ስለ ምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፣ ከዚሁ ከወሎ ምድር ምስክር እንጠራለን። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ1974 ዓ.ም. በአማራ ሳይንት ተወለዱ፤ በአምስት ዓመታቸውም የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። በዚያ አገር ሴት ልጅ ገና በሕፃንነቷ ትዳር ነበርና፣ ዓይነ ስውርነታቸው ከልጅነት ጋብቻ አድኖ ወደ ትምህርት እንዳደረሳቸው እርሳቸው ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው፣ ለአካል ጉዳተኞች ልማት የሚሠራ ማዕከል ካቋቋሙት ሰዎች አንዷ ሆኑ። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ከስዊድን አገር የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት እንደሚቀበሉ ተነገረ። ያ ሽልማት የመንግሥት አይደለም፤ ክብሩ ግን በዓለም የታወቀ ነው።

በዚህ ታሪክ ደስ እንደሚለን ሁሉ ልናፍርበትም ይገባናል። አንዲት ሕፃን ለመማር የታደለችው ለትዳር አትሆንም ስለ ተባለች ከሆነ፣ በዚያው ሰፈር ጤነኛ ዓይን የነበራቸው እኩዮቿ ምን አገኙ? ደግሞስ ከጓዳ አውጥቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚሰድዳት ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ያን ሁሉ ዕውቀት ማን ያውቀው ነበር? ወይዘሮ የትነበርሽ፣ የሰው ጉዳቱ አንድ ቢሆን ችሎታው ዘጠና ዘጠኝ ነው ማለትን ይወዳሉ። ዘጠና ዘጠኙ እንዲታይ ግን አስቀድሞ በር የሚከፍት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ወልድያና ወደ ሀብሩ እንመለስ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ወልድያም፣ የሀብሩ ዋና ከተማ መርሳም ደርሷል። ጦርነት ባለፈበት አገር ሁሉ፣ ትናንት በሬ ጠምዶ ያርስ የነበረ ጎልማሳ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሰው ቤተ ሰቡ በፍቅር ብዛት ከቤት ያስቀምጠዋል፤ አጉርሶ ያሳድረዋል። ርኅራኄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥራን የነፈገ ርኅራኄ ሰውን ቀስ በቀስ ያሳንሰዋል።

ሕጉ አልጎደለብንም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዝዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪ በአካል ጉዳት ምክንያት ሰውን እንዳይለይ ከልክሎ፣ ውጤቱ ከሌሎች ጋራ እኩል ወይም ተቀራራቢ ለሆነ ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ ደንግጓል። ሕግ ግን በመዝገብ ቤት ብቻውን ቢቀመጥ ለማንም እንጀራ አይሆንም።

ስለዚህ በወረዳም ሆነ በከተማ ሽልማት የሚያዘጋጁ ሹማምንት ሁሉ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፤ ልጁን ሳያፍር ወደ ትምህርት ቤት የወሰደ አባት ማን ነው? አዋጁን አንብቦ የቀጠረ ሹም ማን ነው? በደረጃው አጠገብ ለተሽከርካሪ ወንበር መውጫ ያሠራ ማን ነው? ተሸላሚው የምስክር ወረቀቱን ለመቀበል በሰው ትከሻ ተደግፎ ደረጃ የሚወጣ ከሆነ፣ ሽልማቱ ለሰጪው ነቀፋ ነው።

እናንተም የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች፣ ኅዳር 24 ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ። በቤታችሁ ጓዳ የተቀመጠ ልጅ ቢኖር፣ ዛሬ እጁን ይዛችሁ ወደ ደጅ አውጡት። ከመንግሥት ሽልማት በፊት የሚቀድመው ሽልማት ይህ ነው።