መሶቡን ማን ሰፋው?

ይህን አሳቤን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ አንዲት ትንሽ ወረቀት ናት።

በአሜሪካ አገር በሚኔሶታ ገጠር፣ በቆሎና አኩሪ አተር በሚበቅልበት ስፍራ፣ አክስቴና ባለቤታቸው ከልጆቻቸው ጋር አንዲት ሱቅ አላቸው። የሚሸጡትም ከአፍሪካ የሚያስመጡትን የእጅ ጥበብ ነው፤ ከዚምባብዌ የድንጋይ ቅርጽ፣ በሰሜን ጋና ካለችው ከቦልጋታንጋ የሣር ቅርጫት፣ ከአገራችንም አያቴ በአክርማና በአለላ የሚሰፉትን መሶብ።

ባለፈው ዓመት አክስቴ የሱቃቸውን ፎቶግራፍ ላኩልን። አያቴ ማንበብ ስለማይችሉ በመሶቡ ላይ የተንጠለጠለችውን ወረቀት እንዳነብላቸው አዘዙኝ። «በእጅ የተሠራ፤ አፍሪካ» ትላለች አልኳቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «አፍሪካ የምትባለውን ባልቴት አላውቃትም፤ ይህን መሶብ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ነገሩን ባሰብሁት ቁጥር የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ገዢ የሚከፍለው ለዕቃው ውበት ነው እንጂ ለሰፋችው ሴት ስም አይደለም፤ ገንዘቡ በጊዜው ከደረሳት ምን ጎደለባት?» ይሉ ይሆናል። አክስቴም በመጀመሪያ ያሉኝ ይህንኑ ነበር። በእርግጥ ገንዘቡ ይደርሳል፤ የእኔም ደብተርና የደንብ ልብስ የተገዛው በእርሱ ነው። ነገር ግን በበኩሌ፣ ስም የሌለው ዕቃ ገዢን ያመጣል እንጂ ጎረቤትን አያመጣም እላለሁ።

ለዚህም ማስረጃ አለኝ። ከልመናዬ ብዛት አክስቴ በወረቀቷ ላይ የአያቴን ስም፣ አገራቸውንና መሶቡ የፈጀውን አርባ ቀን ጻፉ። ከዚያ ወዲህ አንዲት የገበሬ ሚስት ወደ ሱቁ ገብተው፣ «ዓይናቸውን አያማቸውም?» ብለው ጠየቁ። በክረምት ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ ስለሚሰፉ የመርፌን ድካም ያውቃሉ። በሳምንቱ ስፌታቸውን ይዘው መጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያች ሱቅ ቡና ይፈላል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ «የውጭ አገሯ ሴት» ይባሉ የነበሩት አክስቴም በስማቸው ይጠራሉ።

ይህ ዐይነቱ ንግድ በአሜሪካ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ኤድና ሩት ባይለር የተባሉ የፔንሲልቫኒያ ሴት ወደ ፖርቶ ሪኮ ሄደው ችግረኞቹን ጥልፍ ጠላፊዎች በዓይናቸው አዩ። ከዚያም ጥልፉን በመኪናቸው ጭነው ለወዳጆቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው ይሸጡ ጀመር። በኋላ ቴን ታውዛንድ ቪሌጅስ የተባለው የንግድ ድርጅት ከዚህ ጅምር አደገ።

ይሁን እንጂ በአክስቴ ሱቅ የጋናው ቅርጫት እስካሁን ስም የለውም፤ በብዙ ነጋዴ እጅ አልፎ ስለሚደርሳቸው ሠሪዋን አያውቋትም። ነገሩ አስቸጋሪ መሆኑን አልክድም፤ ቢሆንም ጠይቀው እንዲደርሱበት ይገባል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ መጽሔት በየጽሑፉ ግርጌ የተማሪው ስም ይታተማል፤ እኛም በመጀመሪያ የምንፈልገው ስማችንን ነው። በጥቂት ቀን ለተጻፈ አንድ ገጽ ይህ ክብር ከተገባው፣ አርባ ቀን ለተሰፋ መሶብ ስለ ምን ይነፈገዋል?