ቻለው አዘዞ ይቅር

የባንክ ሠራተኛ ጉልበት ወንበር ላይ ያልቃል። አዘዞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። ለዚያ ጉዞ ትንፋሼን የሚያለማምደኝ ውሻዬ ቻለው ነው። ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ አውሮፕላን ማረፊያውን ከታች ትተን ዳገቱን እንይዛለን። እርሱ ቀድሞኝ ይወጣና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያየኛል። (ስሙን ያወጣሁለት ለጎረቤት መልእክት እንዲሆን ነበር፤ መልእክቱ የደረሰው ለእኔ ነው።)

ወዳጆቼ «እንዲህ አብራችሁ ለፍታችሁ ልትተወው ነው?» ይሉኛል። አዎን፣ እተወዋለሁ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የቀይ ቀበሮ ቤት ነው። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ ይገመታል፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 ባሌ ውስጥ የፈጃቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነበር፤ በሽታውን የሚያዛምተውም እንደ ቻለው ያለ የቤት ውሻ ነው።

«ያንተ እኮ ተከትቧል» የሚለኝም አልጠፋም። ተከትቧል፤ ነገር ግን የእኔን ያየ የራሱን ያስከትላል፤ በየደጃችን ሌሊቱን ሲዞር ከሚያድረው ውሻ ስንቱ ክትባት አይቷል? ከዚህ በሽታ ሰውም አያመልጥም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ውሻውን ሳያስከትብ «እወደዋለሁ» የሚለውን ሰው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አላምነውም።

ጓዜን ሸክፌ ጨርሻለሁ። ቻለው የተራራ ጫማዬ ላይ አገጩን አሳርፎ ተኝቷል። ስወጣ እንዳይከተለኝ እናቴ እንድትይዝልኝ ለምኛታለሁ።