ሴቷ ትሮጣለች፣ ካሜራው ይከተላል

በአብዛኞቹ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞቻችን ሴት ሁለት ሥራ አላት፤ መቆንጀትና መጮህ። የታኮ ጫማዋ የሚሰበረው ምንጊዜም ነፍሰ ገዳዩ ሊደርስባት ሲል ነው። ወሎዬ ከሆነችማ ደራሲው ከቁንጅናዋ ሌላ የሚጽፍላት ያጣል።

የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ በሴት አያያዙ ብዙ የሚወቀስ ሰው ነው። ሆኖም በ1954 (እ.ኤ.አ.) በሠራው «ሪር ዊንዶው» ወንዱ እግሩ ተሰብሮ መስኮት ላይ ተቀምጦ ሲያይ፣ ተንጠላጥላ ነፍሰ ገዳዩ ቤት የምትገባው ግሬስ ኬሊ ናት፤ ያውም በአበባ ቀሚስ። የጠፋችው የነፍሰ ገዳዩ ሚስት የምትወደውን ቦርሳና ጌጧን ጥላ መንገድ እንደማትሄድ የገባትም እሷ ናት። ፖሊሱ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ከእኛ «ድፍረት»ን ላንሳ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም በጥር 2006 ዓ.ም. ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የተጠለፈችው ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ የምትገድለው ገና መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ልብ የሚሰቅለው የአንዲት ሴት ጠበቃ ሙግት ነው፤ ሕጉ ራሷን እንደተከላከለች ያይላታል ወይ? ታሪኩ በተፈጸመበት ዘመን ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ ይህ የቀረው በ1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ግን ፊልሙ አዲስ አበባ ሊመረቅ በነበረበት ነሐሴ 28 ቀን 2006 በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። በ14 ዓመቷ ያ ሁሉ በእውን የደረሰባት አበራሽ በቀለ፣ ታሪኬ ያለፈቃዴ ተወሰደ ብላ ነበር። ፊልሙን ብወደውም በዚህ ነገር ከአበራሽ ጎን ነኝ። ስለ ሴት ልጅ ፈቃድ የሚናገር ፊልም መጀመሪያ እሷን ማስፈቀድ ነበረበት።

ደሴ ላይ ተቀምጦ ፊልም ለሚጽፍ ሰው ራሷን የምትጠብቅ ሴት ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ብቻ ነው። በ2009 ከተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አምሽታ የምትወጣን ልጅ ይጠይቃት። ከማን ጋር እንደምትሄድ፣ የትኛው ባጃጅ ላይ እንደማትወጣ፣ የትኛው ቅያስ መብራት እንደሌለው ታውቃለች። ማንም ሳይደውልላት ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ደርሻለሁ፣ በሩን ክፈቱልኝ» ትላለች። ይህን ያስተማራት የለም፤ ከእህቶቿ አይታ ነው የለመደችው። በፊልሞቻችን ግን ይህችው ልጅ ብቻዋን ጨለማ ውስጥ ትገባለች፣ ኮሽታ ስትሰማም «ማነው?» ብላ ወደ ድምፁ ትሄዳለች። እንዲህ የምታደርግ የኮምቦልቻ ልጅ አላውቅም።

ባጃጁ ሰፈሯ መታጠፊያ ላይ ሳይቆም ቢያልፍ ምን ታደርጋለች? ገንዘቤን ከፍዬ የማየው ፊልም ከዚህ የሚጀምረውን ነው።